መጠጡን ማን ከለከለው? ስለ አቦርጂናል መሪዎች የተነሳው ክርክር ከመነሻው እስከ 18ኛው መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን በሌላ ክር ላይ አንድ ሰው መንግሥት ጠንከር ብሎ መጠጥ ቢከለክላቸው የአቦርጂናሎች (የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች) ችግር ያበቃ ነበር ብሎ ጻፈ፤ ብዙ ሰውም ደገፈው። እዚያው ልመልስለት አሰብኩና ነገሩ ሰፊ ስለሆነ ለብቻው ከፈትኩት። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2007 አውስትራሊያ ውስጥ ሁለት የመጠጥ ክልከላ ወጣ። አንዱ ከካንቤራ፣ ከፌዴራሉ መንግሥት የመጣ ነው። ጁን 21 ቀን የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ በሰሜን ቴሪቶሪ አስቸኳይ እርምጃ አወጁ። ሕፃናትን ከጥቃት ለማዳን ነው ተባለ። ወታደር ሳይቀር ተላከ። የዘር መድልዎን የሚከለክለው ሕግ ለዚህ ሲባል ታገደ። በ73 መንደሮች የሚኖረው ሰው የሴንተርሊንክ (የመንግሥት ድጎማ) ገንዘቡ ግማሽ እየተያዘ በተወሰኑ ሱቆች ብቻ የሚሠራ ካርድ ተሰጠው። በየመንደሩ መግቢያ መጠጥና የወሲብ ፊልም ክልክል ነው የሚል ትልቅ ሰማያዊ ሰሌዳ ተተከለ። አስቡት፤ በሕይወቱ መጠጥ ቀምሶ የማያውቅ ሽማግሌ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ የሆነች አያት፣ ሁሉም በዚያ ሰሌዳ ሥር አልፈው ነበር ቤታቸው የሚገቡት። ለእርምጃው ምክንያት የሆነውን ጥናት የጻፉት ሬክስ ዋይልድና ፓት አንደርሰን ገና በመጀመሪያው ምክራቸው ከሕዝቡ ጋር ከልብ ተመካከሩ ብለው ነበር። አልተመካከሩም።

ሁለተኛው ክልከላ በዚያው ዓመት በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ኪምበርሊ ውስጥ ፊትዝሮይ ክሮሲንግ በምትባል ትንሽ ከተማ የወጣው ነው። እሱን የጠየቁት የከተማዋ ሴቶች ራሳቸው ናቸው። ሴቶቹን ማንም አላዘዛቸውም።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ውሳኔው ከማን እንደመጣ ለውጥ ያመጣል ትላላችሁ? እኔ ያመጣል ባይ ነኝ። እንዲያውም ዋናው ነገር እሱ ነው እላለሁ።

ከዚህ በኋላ 18 መልስ ገባ። ክሩ ስለረዘመና አዲስ የሚገባ ሰው መሃል ላይ ስለሚጠፋበት፣ የተባለውን በተራ እዚህ አስቀምጫለሁ። የራሴንም አስተያየት ጣል አደርጋለሁ።

1ኛው ከፐርዝ የጻፈ ሰው ነው። በጨዋ አነጋገር አመሰገነና፣ ብዙ ዓመት እዚያው ስቴት ሲኖር ስለ ፊትዝሮይ ክሮሲንግ ከጎርፍ ዜና በቀር ሰምቶ እንደማያውቅ ነገረን። ሴቶቹ እንዴት አድርገው እንዳስወሰኑ ማወቅ ፈለገ።

2ኛው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከብሩም ወደ ከነናራ ጭነት ሲያመላልስ እዚያች ከተማ ነዳጅ ይቀዳ እንደነበር ጻፈ። ክልከላው አለ በተባለበት ጊዜ ራሱ በመጠጥ ቤቱ በር ላይ ሰክሮ የተኛ ሰው በዓይኑ አይቷል። መጠጣት የፈለገ ደግሞ ደርቢ ወይም ብሩም ድረስ ሄዶ ይጠጣል ባይ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያየውን ነው የተናገረው።

3ኛው መልስ የክሩ አከርካሪ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። የጻፈችው ኪምበርሊ ውስጥ የሠራች ነርስ ናት። ከ2007 በፊት በነበረው አንድ ዓመት ገደማ ውስጥ በፊትዝሮይ ሸለቆ 13 ሰው ራሱን አጥፍቷል። ሸለቆው ስንት ሺህ ሰው ብቻ ያለበት ስለሆነ ሐዘን ያልገባበት ቤት አልነበረም። አንዱ ለቅሶ ሳያልቅ ሌላው ይተካል። በጁላይ 2007 የአራት አምስት ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑት የቡኑባ፣ የጉኒያንዲ፣ የዋልማጃሪና የሌሎቹም ሴቶች ከከተማ ወጥተው ጫካ ውስጥ ተሰበሰቡ። ማርኒንዋርንቲኩራ የሚባለውን የሴቶች ማዕከል ያኔ ይመሩ የነበሩት ጁን ኦስካርና አብራቸው ትሠራ የነበረችው ኤሚሊ ካርተር ጉዳዩን ይዘው ወጡ። የስቴቱን የመጠጥ ፈቃድ ኃላፊ ጠንከር ያለ መጠጥ ተገዝቶ ወደ ቤት መወሰዱ ለ12 ወር ይቁም ብለው ጠየቁ። ኃላፊው በኦክቶበር ለ6 ወር ፈቀደ። በኋላም ክልከላው ያለ ጊዜ ገደብ ቀጠለ።

ነርሷ በደንብ ያስረዳችው ከውጭ የማይታየውን ነው። ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ጁን ኦስካርን የገዛ ዘመዶቿ ሳይቀሩ ተቃወሟት። በእኛ ስም ማን ወክሎሽ ነው የሚል ነበር ጥያቄው። ሴቶቹ ግን ጉዳዩን ለባለሥልጣን ሰጥተው ቤታቸው አልገቡም። ስብሰባውን ቀጠሉ፤ ለውጡን ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ሰዎች እንዲከታተሉት አደረጉ። በመጀመሪያው ዓመት ጥቃትና ከመጠጥ የመጣ የድንገተኛ ክፍል ጉዳት ቀነሰ። ቀጥሎ ማንም ሊነካው የማይደፍረውን ርዕስ አነሱ፤ በእርግዝና ጊዜ በተጠጣ አልኮል የተጎዱ ልጆችን። ተመራማሪዎቹን የጠሩት የአካባቢው መሪዎች ናቸው። በ2002 እና በ2003 የተወለዱት ልጆች ሲመረመሩ ከ5 ልጆች አንዱ ገደማ ተጎድቶ ተገኘ። አንድ ሕዝብ ስለ ራሱ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር አደባባይ አውጥቶ እንዲጠና ሲጠይቅ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አስቡ። እኛ ልጃችን ኦቲዝም አለበት ሲባል እንኳን ከዘመድ እንደብቃለን።

ለ2ኛውም መልስ አላት። ጠጪው ወደ ደርቢና ብሩም መሄዱ እውነት እንደሆነ፣ ሴቶቹም ራሳቸው ይህን አለመካዳቸውን ጻፈች። ክልከላውን እንደ መድኃኒት አልቆጠሩትም። ትንፋሽ መውሰጃ ጊዜ ነው የፈለጉት።

4ኛው አጭር እርማት ነው፤ ለሹፌሩ። ክልከላው ሙሉ በሙሉ መጠጥ አላጠፋም። የተከለከለው አልኮሉ ከ2.7 በመቶ በላይ የሆነውን ገዝቶ ወደ ቤት መውሰድ ነው። መጠጥ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ መጠጣት አልተከለከለም። ስለዚህ በሩ ላይ ያየው ሰካራም ክልከላው እንዳልሠራ ማስረጃ አይሆንም። ሹፌሩ በ5ኛው መልስ አመሰገነና ይህን ባለማወቁ ተገርሞ ሄደ። በዚሁ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

6ኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ። ሰውዬው ተረት ተረት አታውሩ በሚል መንፈስ ነው የገባው። ሥልጣን ተሰጥቷቸው አይተናል፣ አትሲክ የሚባለው ምክር ቤታቸው ገንዘቡን ባክኖ ባክኖ ፈረሰ፤ መሪ የሚባሉት ለራሳቸው ነው የሚበሉት አለ። ታክስ ከፋይ መሆኑንም ሁለት ጊዜ አስታወሰን።

7ኛዋ እንደ እሱው ተቆጥታ ነው የመለሰችው፤ ነገር ግን መረጃ ይዛ። አትሲክ በ1990 ተቋቁሞ በ2005 ፈረሰ። ላይ ባሉት መሪዎች ዙሪያ ቅሌት ነበር፣ አልካደችም። ግን አብረው የፈረሱት በየአካባቢው ሕዝቡ የመረጣቸው 35 የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። እነሱ ምን አጠፉ? የጤናው ሥራም ከ1995 ጀምሮ ከአትሲክ እጅ ወጥቶ ነበር፤ ሰው ግን በጤና ለጠፋው ሁሉ አትሲክን ይወቅሳል። ከዚያ በ1971 በሲድኒ ሬድፈርን የተከፈተውን የአቦርጂናል ሕክምና ማዕከል ጠቀሰች። በሕዝቡ የሚመረጥ ቦርድ የሚያስተዳድረው የመጀመሪያው ነው። ዛሬ በመላ አገሪቱ ከ140 በላይ እንደዚህ ያሉ የጤና ድርጅቶች አሉ። ስለማይፈርሱና ስለማይሰርቁ ዜና አይሆኑም አለች። ይህን አባባሏን ወድጄዋለሁ።

8ኛው ነገሩን ወደ እኛ አዞረው። የእኛው ማኅበሮች በወንበርና በገንዘብ ስንት ጊዜ ተጣልተዋል፣ ፍርድ ቤት ድረስም የሄዱ አሉ። ታዲያ ሐበሾች ራሳቸውን ማስተዳደር አይችሉም ብሎ ማኅበር እንዳናቋቁም የከለከለን አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። 6ኛው ሰው ይህን ዝም ብሎ አለፈው።

9ኛዋ ትልቅ ሴት ናቸው፤ በአነጋገራቸው ያስታውቃሉ። ዕድር አነሱ። ዕድር የሚሠራው ዳኛውን የሚመርጠው ቀባሪው ራሱ ስለሆነ ነው፣ ከቀበሌ የመጣ ሰው ቢመራው ማንም መዋጮ አይከፍልም አሉ። ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም የሚለውንም ጨመሩበት። ብዙ ልብ አገኙ።

10ኛው ግን አልተቀበላቸውም፤ በአክብሮት ነው እትዬ እያለ። ዕድር መሬቱን የተቀማ የለም። የእነዚህ ሰዎች ጉዳይ የመሬትና የሕግ ነው ብሎ የጉሪንጂዎችን ታሪክ ነገረን። በ1966 ቪንሰንት ሊንጂያሪ 200 ያህል ሠራተኞችንና ቤተሰቦቻቸውን ይዞ ዌቭ ሂል ከሚባለው የከብት እርባታ ወጣ። ሰው የደመወዝ አድማ መሰለው። የፈለጉት ግን መሬታቸውን ነበር። ዘጠኝ ዓመት ጠበቁ። በ1975 ጠቅላይ ሚኒስትር ጎፍ ዊትላም መጥቶ አፈር ዘግኖ ሊንጂያሪ እጅ ላይ አፈሰሰ። የ10ኛው ነጥብ መሬት በእጁ የሌለ መሪ የሚወስነው ነገር ትንሽ ነው የሚል ነው። እኔም እዚህ ላይ ከእሱ ጋር ነኝ። እትዬም በዚህ ቅር የተሰኙ አይመስለኝም።

11ኛው ሲድኒ ውስጥ ከወጣቶች ጋር የሚሠራ ልጅ ነው፤ ስለ በርክ ጻፈ። ከሲድኒ በስተሰሜን ምዕራብ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ዳርሊንግ ወንዝ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከተለያዩ ቦታዎች በግድ ተጠራርገው የመጡ ከ20 በላይ የአቦርጂናል ወገኖች ይኖሩባታል። አሊስተር ፈርጉሰን የሚባል የአገሩ ሰው የራሱ ዘመዶች እስር ቤት ሲመላለሱ ማየት ሰልችቶት ማራንጉካ የሚባለውን ሥራ ጀመረ። ሐሳቡ ለእስር የሚወጣው ገንዘብ ሰው ከመታሰሩ በፊት እዚያው ከተማ ይዋል የሚል ነው። አቅጣጫውን የሚሰጠው የበርክ የጎሳዎች ምክር ቤት ነው።

በተግባር ምን እንደሚመስል ልጁ አሳየን። ጠዋት ጠዋት የማራንጉካ ሰዎችና ፖሊስ አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ማታ የትኛው ቤት ጠብ ተነሳ? የትኛው ልጅ ትምህርት ቤት አልሄደም? ከዚያ ቀን ላይ ቤተሰቡ የሚያውቀው ሰው በሩን ያንኳኳል። ሌላው የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ነው። ልጆቻችሁን መንዳት ያስተማራችሁ ያንን የ120 ሰዓት መዝገብ ታውቁታላችሁ። በርክ ውስጥ ያለ ልጅ ቤቱ መኪና የለም፣ ፈቃድ ያለው አዋቂም የለም። ያለ ፈቃድ ይነዳል፣ ይቀጣል፣ ቅጣቱን አይከፍልም፣ በመጨረሻ ይታሰራል። ምክር ቤቱ መኪናና አስተማሪ ይቅረብ አለ፤ ቀረበ። ይህን ካንቤራ ቁጭ ብሎ ያስተዋለ ሰው አልነበረም። ኬፒኤምጂ የሚባለው የሒሳብ ድርጅት በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ ከ2016 እስከ 2017 ባለው ጊዜ ለፖሊስ የደረሰ የቤት ውስጥ ጥቃት በ23 በመቶ ቀንሷል፤ በዋና ዋናዎቹ የወጣት ጥፋቶች የሚመሠረት ክስ በ38 በመቶ ወርዷል፤ እስከ 12ኛ ክፍል የሚቆዩ ተማሪዎች ቁጥር በ31 በመቶ ከፍ ብሏል።

12ኛው ባጭሩ፣ በትንሽ ከተማ የአንድ ዓመት ቁጥር ብዙ አያስተማምንም፣ ጥቂት ቤተሰብ ቢለቅ እንኳን ይለዋወጣል አለ። ትክክል ነው። ለእኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሚበልጠው የመንጃ ፈቃዱ ነገር ነው፤ የት ላይ እንደሚያም የሚያውቅ ሰው ሲወስን ውሳኔው ትንሽና ልክክ ያለ ይሆናል።

13ኛው መልስ ሁሉንም ዝም ያሰኘ ነበር። የጻፈችው በ2020 ከተዘጉት የሜልበርን ፎቆች በአንዱ ትኖር የነበረች እህት ናት። ጁላይ 4 ቀን በኮሮና ምክንያት ፍሌሚንግተንና ኖርዝ ሜልበርን ያሉት ዘጠኝ የመንግሥት ፎቆች ሳይታሰብ ተዘጉ፤ 3 ሺህ ያህል ሰው ከነልጆቹ። ብዙዎቻችን ወይ እዚያ ነበርን ወይ ዘመድ ነበረን። ማስጠንቀቂያ የለም። በሩ ላይ ፖሊስ። ልጇ የሚጠጣው ወተት አልቆ፣ የማይበሉት ምግብ በካርቶን ሲመጣ፣ የሰፈሩ ወጣቶች ናቸው ማን ምን እንደሚበላና ማን ምን መድኃኒት እንደሚወስድ አውቀው የደረሱላቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የቪክቶሪያ እንባ ጠባቂ አዘጋጉ ሰብአዊ መብት የጣሰ ነበር ብሏል። በሽታውን መከላከሉ ልክ እንደነበር አልካደችም። ግን ከፎቁ ሰዎች ጋር አንድ ሰዓት እንኳን ተነጋግረው ቢሆን ኖሮ ምን ይጎድልባቸው ነበር ብላ፣ ያ ሰማያዊ ሰሌዳ ምን እንደሚሰማ አሁን ገባኝ አለች። ለ6ኛው ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

14ኛው ከርዕስ ወጣ፤ መውጣቱ ግን ጠቀመን። ሜልበርን ውስጥ ፉትስክሬይ ባቡር ጣቢያ ላይ እንጀራ ለመግዛት የምንሻገርበት ድልድይ የማን ስም እንዳለው ታውቃላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። የዊሊያም ኩፐር ነው። የዮርታ ዮርታ ሰው ናቸው። ከ70 ዓመት በላይ ሆኗቸው በ1933 ወደ ፉትስክሬይ የመጡት፣ በአቦርጂናል ሰፈር ውስጥ ሆነው ጡረታ ስለማይሰጣቸው ነበር። እዚያች ቤታቸው ሆነው ማኅበር መሠረቱ። ለእንግሊዙ ንጉሥ የሚላክ አቤቱታ ጽፈው 1,814 ፊርማ አሰባሰቡ። ከጥያቄዎቹ አንዱ በፓርላማ የሚወክለን ይኑር የሚል ነው። መንግሥት አቤቱታውን ለንጉሡ ሳያደርስ አስቀረው። እኚሁ ሽማግሌ በ1938 ጀርመን ውስጥ በአይሁዶች ላይ የደረሰውን ግፍ ተቃውመው ሰዎቻቸውን አስከትለው ወደ ጀርመን ቆንስላ ሄደዋል፤ በገዛ አገራቸው መብት ሳይኖራቸው። ከዚህ በኋላ ጥቂት ሰዎች ስለ ድልድዩ ሊፍት መበላሸት ማውራት ጀምረው ነበር፣ ተመለሱ።

15ኛው የ2023ቱን ሕዝበ ውሳኔ አነሳ። አቦርጂናሎች ለፓርላማ ድምፃቸውን የሚያሰሙበት አካል በሕገ መንግሥቱ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለውን ነው። ከመራጩ 60 በመቶው ገደማ አይ አለ፤ ስድስቱም ስቴቶች አይ አሉ። ሰውዬው አይ ያለው ሴናተር ጃሲንታ ናምፒጂንፓ ፕራይስ ራሷ አቦርጂናል ሆና ስለተቃወመች እንደሆነ ጻፈ። መሪዎቹ ራሳቸው ካልተስማሙ የትኛውን ልስማ አለ። ከልቡ ነው የጠየቀው።

16ኛዋ ግን ክፉኛ ተናገረችው። የሐበሻ መሪዎች በምን ተስማምተው ያውቃሉና ነው ከእነሱ አንድ ድምፅ የምትጠብቀው፣ ሰበብ ነው የፈለግከው አለችው። ስድብ ቢጤም ነበረበት፤ አስተዳዳሪው አንሥቶታል። ያነሳችው ነጥብ ግን ይቆይ፤ በሰሜን ቴሪቶሪ ርቀው ባሉት መንደሮች በተዘዋወሩት ተንቀሳቃሽ የምርጫ ጣቢያዎች አብዛኛው ሰው ያለው አዎ ነው። ለ15ኛው እኔም ልመልስ። የሚጣሉበት ጉባኤ እንዲኖራቸው ነው የጠየቁት። ፊትዝሮይ ክሮሲንግም ላይ አልተስማሙም ነበር። ግን ተጣልተው፣ ተሰብስበው፣ እዚያው ወሰኑ።

17ኛው አሊስ ስፕሪንግስ የሚኖር ታክሲ ነጂ ነው፤ ለእኔም ከባዱ መልስ የእሱ ነው። እናንተ ከካንቤራ የመጣ ሁሉ መጥፎ ነው እያላችሁ ነው፣ እኔ ግን ክልከላው ሲነሣ ምን እንደሆነ አይቻለሁ አለ። በጁላይ 2022 የ2007ቱ ክልከላ ቅሪት የሆነው ሕግ ጊዜው አበቃ። ማታ ማታ ከተማው ተለወጠ፤ ሰው ሱቁን በብረት አጠረ፣ እሱም የሌሊት ሥራ ተወ። በጃንዋሪ 2023 ጠቅላይ ሚኒስትር አልባኒዚ ራሳቸው ወደ ከተማዋ በረሩ፤ በፌብሩዋሪ ክልከላው ተመለሰ።

ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ግን ነርሷ መልሳ ገብታ ያከለችው አለ፤ ሙሉ ታሪኩ ያለዚያ አይገባም። ሕጉ ከማብቃቱ በፊት እንዳታነሱት፣ ቢያንስ ሕዝቡ እስኪመክርበት ጠብቁ ብለው ያስጠነቀቁት ራሳቸው የአቦርጂናል ድርጅቶች ናቸው። በ1973 የተቋቋመውና አሊስ ስፕሪንግስ ውስጥ ሕክምና የሚሰጠው ኮንግረስ አንዱ ነው። የቴሪቶሪው መንግሥት ክልከላው ዘር ለይቶ የወጣ ስለሆነ መቀጠል የለበትም አለ። በ2007 ሳይጠይቋቸው ከለከሉ፣ በ2022 እየነገሯቸው አነሡ። በጣም ብዙዎቹ መንደሮች ደግሞ ከ2007 በፊት በራሳቸው ፈቃድ መጠጥ የከለከሉ ነበሩ። ታክሲ ነጂው ይህን ካነበበ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ታዲያ ባለሥልጣኖቹ እስኪሰሙ ድረስ ማታ ማን ይጠብቀናል አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የእሱ ደኅንነት የማያሳስበኝ መስሎት ከሆነ በጣም ያሳስበኛል። የአቦርጂናል እናቶችም በየማታው የሚጠይቁት እሱኑ ነው።

18ኛዋ ወጣት ናት፤ ቪክቶሪያ ውስጥ አሁን ምን አለ፣ እኛስ ምን እናድርግ ብላ ጠየቀች። ያለው ይህ ነው። የቪክቶሪያ አቦርጂናሎች በ2019 የራሳቸውን ጉባኤ መረጡ። የስቴቱ ፓርላማ በ2025 ከእነሱ ጋር የተደራደረበትን የስምምነት ሕግ አጸደቀ፤ ጉባኤውም ቋሚ አካል ይሆናል። ለጉባኤው ድምፅ የሚሰጡት እነሱ ብቻ ናቸው፣ እንደዚያም መሆን አለበት። እኛ የምንችለው የፓርላማ አባሎቻችንን ስናገኝ ሕጉን ትደግፋላችሁ ወይ ብለን መጠየቅ ነው። ምርጫ ሲመጣ የእኛን ሰፈር ድምፅ ፈልገው እንጀራ ቤታችን ድረስ ይመጣሉና፣ ያኔ ጠይቋቸው።

ስለ አሊስ ስፕሪንግስ የምሽት ደኅንነት ታክሲ ነጂው ለብቻው ክር ቢከፍት ይሻላል። ነርሷም እዚያ እንደምትገባ ጽፋለች። የፉትስክሬይ ሊፍት ጉዳይ ያላችሁ እባካችሁ በሰፈር ጉዳዮች ሥር ጻፉ።